መንግሥት የሌለው ሕዝብ የሠራው የምርምር ተቋም፦ የቪልናው ዪቮ ምንድን ነው?

ዪቮ የተባለው ተቋም በ2025 መቶ ዓመት ሞልቶታል። ስሙ ሲነሣ አንዳንዱ ሰው የሃይማኖት ማኅበር ይመስለዋል፤ ሌላው ደግሞ የእስራኤልን መንግሥት ለመመሥረት ከታገሉት የፖለቲካ ድርጅቶች ጋር ይደምረዋል። ዪቮ ከሁለቱም ወገን አይደለም። የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዳውያን ቋንቋቸውን፣ ሥነ ጽሑፋቸውን፣ ታሪካቸውንና የዕለት ኑሯቸውን ራሳቸው እንዲያጠኑ በ1925 የተመሠረተ፣ መቀመጫውን በቪልና ከተማ ያደረገ የምርምርና የባህል ተቋም ነው። ስሙም «የአይሁድ የሳይንስ ተቋም» የሚለው የዪዲሽ መጠሪያው ምሕጻር ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የዪቮ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ከመጨረሻው ተጀምሮ ነው፤ ከናዚዎች እጅ ስለ ተረፉት ሰነዶች። ያ ታሪክ መነገር አለበት፤ እኛም እንደርስበታለን። ነገር ግን ሰዎች ለወረቀት ሲሉ ነፍሳቸውን ለአደጋ የሰጡበት ምክንያት የሚገባን ያ ወረቀት በመጀመሪያ ከማን እጅ እንደ መጣ ስናውቅ ነው።

ዪዲሽ ምን ዓይነት ቋንቋ ነው?

ዪዲሽ በመካከለኛው ዘመን በጀርመን አገሮች በኖሩ አይሁዳውያን መካከል ያደገ ቋንቋ ነው። መሠረቱ ጀርመንኛ ነው፤ ከዕብራይስጥና ከአራማይክ፣ ኋላም ከፖላንድኛና ከሌሎች የስላቭ ቋንቋዎች ብዙ ቃላት ወስዷል። የሚጻፈው በዕብራይስጥ ፊደል ከቀኝ ወደ ግራ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ከአሥር ሚሊዮን በላይ ሰዎች ይናገሩት ነበር።

እዚህ ላይ ለእኛ አንባቢ አንድ ነገር ግልጽ መሆን አለበት። ዪዲሽ የአይሁዳውያን ሁሉ ቋንቋ አይደለም። የእኛዎቹ ቤተ እስራኤላውያን በአማርኛና በትግርኛ እየተናገሩ፣ በግእዝ እየጸለዩ የኖሩ ናቸው፤ ከዪዲሽ ጋር የሚያገናኛቸው ነገር አልነበረም። የየመን፣ የሞሮኮና የኢራቅ አይሁዳውያንም እንዲሁ የየራሳቸው ቋንቋ ነበራቸው።

ዪዲሽ በተናጋሪው ብዛት ልክ አልተከበረም። ዕብራይስጥ የጸሎትና የቅዱሳት መጻሕፍት ቋንቋ በመሆኑ ክብሩ የተጠበቀ ነበር። የተማረው ክፍል ጀርመንኛ፣ ሩሲያኛ ወይም ፖላንድኛ መናገርን የሥልጣኔ ምልክት አድርጎ ይቆጥር ነበር። ዪዲሽ ግን የወጥ ቤትና የገበያ ቋንቋ ተብሎ ይናቅ ነበር፤ የራሱ ልጆች እንኳ «የተበላሸ ጀርመንኛ» እያሉ ይጠሩት ነበር። የዪቮ መሥራቾች የተነሡት ይህን ንቀት በመቃወም ነው። በገበያ የሚነገረው ቋንቋ የሳይንስ መጻፊያ፣ ገበያተኛዋ ራሷም የሳይንስ ርእሰ ጉዳይ መሆን ትችላለች አሉ።

ሐሳቡ ከየት መጣ?

በድንገት አልመጣም። የታሪክ ጸሐፊው ስምዖን ዱብኖቭ በ1891 በሩሲያ ግዛት ለሚኖሩ አይሁዳውያን ጥሪ አቅርቦ ነበር፦ በየጣራው ሥርና በየምኩራቡ ሣጥን ውስጥ የሚበሰብሱትን የማኅበር መዝገቦች ሰብስቡ፣ ታሪካችን በዚያ ነው ያለው የሚል ጥሪ። ከ1912 እስከ 1914 ደግሞ ደራሲው አን-ስኪ በዛሬይቱ ዩክሬን ያሉ ትናንሽ ከተሞችን እየዞረ ዘፈን፣ ተረትና ጥንታዊ ዕቃ የሰበሰበበትን ጉዞ መራ። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጉዞውን አቋረጠው።

በ1925 መጀመሪያ ኖኸም ሽቲፍ የተባለ የቋንቋ ምሁር በርሊን ተቀምጦ አንድ የሐሳብ ሰነድ ጻፈ፤ በዪዲሽ የሚሠራ የምርምር ተቋም ያስፈልገናል የሚል። ሰነዱ በቪልና ላሉ ምሁራን ሲደርስ ወዲያው ተቀበሉት። ከእነርሱ ዋነኞቹ የቋንቋ ሊቁ ማክስ ቫይንራይኽና የሥነ ጽሑፍ ተመራማሪው ዛልመን ራይዘን ነበሩ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር በርሊን ላይ ጉባኤ ተደርጎ ተቋሙ በይፋ ተመሠረተ። የመጀመሪያ ቢሮው የቫይንራይኽ መኖሪያ ቤት ነበር። በክብር አባልነት ከደገፉት መካከል አልበርት አንስታይንና ሲግመንድ ፍሮይድ ይገኙበታል።

ለምን ቪልና?

ቪልና የዛሬዋ የሊቱዌኒያ ዋና ከተማ ቪልኒየስ ናት። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል በፖላንድ ሥር ነበረች። አይሁዳውያን «የሊቱዌኒያ ኢየሩሳሌም» ይሏት ነበር። በ18ኛው መቶ ዘመን የኖረው ታላቁ የታልሙድ (የአይሁድ ሕግና ትርጓሜ መጽሐፍ) ሊቅ፣ የቪልናው ጋኦን፣ የዚያች ከተማ ሰው ነው። በ1885 ያረፈው ማቲትያሁ ስትራሹን የመጻሕፍት ሀብቱን ለከተማዋ አይሁዳውያን አውርሶ ከታላቁ ምኩራብ አጠገብ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እንዲከፈት ምክንያት ሆኗል። በዪዲሽ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች፣ ጋዜጦች፣ ቲያትርና ማተሚያ ቤቶች ነበሩ፤ በ1930ዎቹም «ወጣቷ ቪልና» በሚል ስም የተሰባሰቡ ገጣሚያን ታዋቂ ሆነዋል። ዋርሶ ትበልጥ ነበር፤ የዋርሶ የተማረ ሰው ግን ቤቱ ሲገባ ፖላንድኛ መናገር ጀምሮ ነበር። በቪልና ምሁሩም ዳቦ ጋጋሪውም በዪዲሽ ያወራ ነበር። በእኔ ግምት ምርጫውን የወሰነው ይህ ነው።

መንግሥት ከሌለ ገንዘቡ ከየት መጣ?

ብዙ አገሮች የቋንቋ አካዳሚያቸውን በመንግሥት በጀት ያቆማሉ። ዪዲሽ ግን ባለቤት የሆነለት መንግሥት አልነበረውም፤ ዪቮም ከፖላንድ መንግሥት የሚተማመንበት ቋሚ በጀት አልነበረውም። አሠራሩን ለመረዳት ዕድራችንን ማሰብ ይጠቅማል። አንዱ ባለጠጋ ሁሉንም አይሸፍንም፤ ብዙ ሰው ጥቂት ጥቂት ያዋጣል፣ የሚችል በጉልበቱ ይሠራል፣ ንብረቱም የሁሉም ነው። በፖላንድ፣ በአሜሪካ፣ በአርጀንቲናና በሌሎችም አገሮች «የዪቮ ወዳጆች» የተባሉ የአካባቢ ማኅበራት ተቋቋሙ። ልብስ ሰፊው፣ መምህሩ፣ ባለሱቁ ከደመወዙ ቀንሶ ላከ። በዚያ ገንዘብ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ተቋሙ ከመኖሪያ ቤት ወጥቶ በራሱ ሕንፃ ገባ።

ሥራው በአራት ክፍል ተደራጀ፦ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ፣ ታሪክ፣ ሥነ ልቡናና ትምህርት፣ ምጣኔ ሀብትና ስታቲስቲክስ። መጽሔት አሳተመ፤ ወጣት ተመራማሪዎችን አሠለጠነ። ከተማው ሁሉ በየፊናው ይጽፈው የነበረውን ዪዲሽ ወጥ የፊደል አጻጻፍ ሥርዓት አወጣለት፤ በ1937 የታተመው ያ ደንብ እስከ ዛሬ መለኪያ ነው።

ሰብሳቢዎቹ እነማን ነበሩ?

በዪዲሽ «ዛምለር» ይባላሉ፤ ሰብሳቢ ማለት ነው። ዪቮን ከሌሎች የምርምር ተቋማት የለዩት እነርሱ ናቸው። ደመወዝ የላቸውም፤ አብዛኞቹም ዩኒቨርሲቲ ገብተው አያውቁም። በየትንንሹ ከተማ የሚኖሩ ወጣቶች፣ የትምህርት ቤት መምህራን፣ የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ። ዪቮ መጠይቅና የአሰባሰብ መመሪያ አትሞ ይልክላቸዋል፤ እነርሱ ከአያት፣ ከጎረቤት፣ ከገበያ ሰምተው ጽፈው በፖስታ ይመልሳሉ።

መመሪያው ጥብቅ ነበር። የሰማኸውን እንደ ሰማኸው ጻፍ፤ አታሳምረው፣ ወደ መጽሐፍ ቋንቋም አትቀይረው። አሮጊቷ በአካባቢዋ አነጋገር «እንዲህ» ካለች «እንዲህ» ተብሎ ይጻፍ። ማን እንደ ነገረህና የት እንደ ሰማኸው አብረህ መዝግብ። ይህ ጥንቃቄ ቀላል ነገር አይደለም። የቃል ሀብት የሚጠፋው ካለመጻፍ ብቻ ሳይሆን ጸሐፊው «አስተካክላለሁ» ሲልም ነው።

የሚላከው ነገር ዓይነቱ ብዙ ነው። ምሳሌያዊ አነጋገር፣ እንቆቅልሽ፣ እርግማንና ምርቃት፣ የልጆች ጨዋታ፣ የቡዳ መከላከያ፣ የሠርግ ዘፈን አለ። የቲያትር ማስታወቂያ ወረቀት፣ የሠርግ መጥሪያ፣ የምርጫ ቅስቀሳ በራሪ ወረቀት፣ የመረዳጃ ማኅበር ደረሰኝ አለ። የአንድ ከተማ ጫማ ሰፊዎች ማኅበር ለመቶ ዓመት የያዘው መዝገብም ሊመጣ ይችላል። ሌላ ቤተ መጻሕፍት እንደ ቆሻሻ የሚጥለውን ዪቮ ቁጥር ሰጥቶ መደርደሪያ ላይ ያኖረዋል። የሠርግ መጥሪያው ከጋባዦቹ ሌላ ምን ይነግረናል ቢባል፣ ብዙ ነው፦ በየትኛው ቋንቋ እንደ ታተመ፣ አዳራሹ የት እንደ ነበር፣ የሙሽራዋ ስም ስንተኛ መሥመር ላይ እንደ ሰፈረ። ከእነዚህ ውስጥ አንዱም በንጉሥ ዜና መዋዕል አይገኝም።

የወጣቶቹን የሕይወት ታሪክ ምን አደረጉት?

ቫይንራይኽ የወጣቶች ሥነ ልቡና ያሳስበው ነበር። የ1930ዎቹ ፖላንድ ለአይሁዳዊ ወጣት ጠባብ ነበረች፤ ሥራ የለም፣ በዩኒቨርሲቲ በር ላይ ድብደባ አለ፣ ወደ ውጭ መሰደድም ከባድ ሆኗል። እርሱ ራሱ በ1931 በቪልና በተነሣ ፀረ አይሁድ ሁከት በድንጋይ ተመትቶ የአንድ ዓይኑን ብርሃን አጥቷል።

ስለዚህ ዪቮ በ1932፣ በ1934 እና በ1939 የሕይወት ታሪክ ጽሑፍ ውድድር አወጣ። ሕይወታችሁን እንዳለ ጻፉ፤ የሚያስፈልገን እውነት እንጂ ውብ አጻጻፍ አይደለም፤ ስማችሁን ደብቃችሁ በብዕር ስም ላኩ ተባሉ። ከ600 በላይ ጽሑፎች መጡ። ሃይማኖተኛውም፣ ኮሚኒስቱም፣ ወደ ፍልስጤም ለመሄድ የሚያልመውም ጽፏል። ከአባት ጋር የተደረገ ጠብ፣ ረሃብ፣ የመጀመሪያ ፍቅር፣ ለመማር የተደረገ ትግል ሁሉ ተመዝግቧል። የ1939ኙ ውድድር አሸናፊዎች ይፋ እንዲሆኑ የተቀጠረው ለመስከረም 1 ቀን ነበር። ጀርመን ፖላንድን የወረረችው በዚያው ዕለት ነው።

ናዚዎች መጻሕፍቱን ለምን ፈለጓቸው?

ብዙ ሰው ናዚዎች የአይሁዳውያንን መጻሕፍት ያቃጥሉ ነበር ብቻ ብሎ ያውቃል። አቃጥለዋል፤ ግን ዘርፈዋልም። የናዚ ርእዮተ ዓለም ሰው በነበረው በአልፍሬድ ሮዘንበርግ ስም የሚጠራ ልዩ የዝርፊያ ክፍል ነበር። ዓላማው የተመረጠውን መጽሐፍና ሰነድ ፍራንክፈርት ወደ ተከፈተው «የአይሁድን ጉዳይ» ወደሚያጠና ተቋም መላክ ነበር። ሕዝቡን ካጠፉ በኋላ ስለ ሕዝቡ የሚጻፈውን እነርሱ ብቻ ሊጽፉት ፈለጉ።

የጀርመን ጦር ቪልናን በሰኔ 1941 ያዘ። ከከተማዋ ወጣ ብሎ በሚገኘው የፖናር ጫካ ወደ 70,000 የሚጠጉ አይሁዳውያን ተረሸኑ። የቀሩት ጌቶ በተባለው የታጠረ ሰፈር ታጎሩ። የዪቮ ሕንፃ የዝርፊያው ክፍል መሥሪያ ቤት ሆነ። የሚዘርፉትን ለይቶ የሚያውቅ ሰው ስላስፈለጋቸው ከጌቶው ወደ 40 የሚሆኑ የተማሩ ሰዎችን በግዴታ ሥራ አሰለፉ። ትእዛዙ ግልጽ ነበር፦ ከስብስቡ ሲሶ ያህሉ ወደ ጀርመን ይላክ፣ የቀረው ወደ ወረቀት ፋብሪካ ሄዶ ይፈጭ።

ወረቀቱን ማን አዳነው?

የጌቶው ሰዎች እነዚህን ሠራተኞች «የወረቀት ብርጌድ» አሏቸው። የቤተ መጻሕፍት ባለሙያው ኸርማን ክሩክ፣ የዪቮ ባልደረባ የነበረው ዘሊግ ካልማኖቪች፣ ከ«ወጣቷ ቪልና» ገጣሚያን ደግሞ አብርሃም ሱትስከቨርና ሽመርከ ካቸርጊንስኪ ከእነርሱ መካከል ነበሩ።

ማታ ከሥራ ሲመለሱ ወረቀቱን ከልብሳቸው ሥር በሰውነታቸው ላይ ጠምጥመው ወደ ጌቶው ያስገቡ ነበር። በር ላይ ፍተሻ አለ። ጀርመኖች ራሳቸው በሚፈትሹበት ቀን መያዝ ድብደባ ነው፣ ሞትም ሊሆን ይችላል። ሱትስከቨር ጥሩ ዘዴ አገኘ፦ ለምድጃ ማንደጃ የሚሆን ጥቅም የሌለው ወረቀት ወደ ቤት ልውሰድ ብሎ ከጀርመኑ ኃላፊ የጽሑፍ ፈቃድ ተቀበለ። በዚያ ፈቃድ የሩሲያ ደራሲያን የቶልስቶይና የጎርኪ ደብዳቤዎች፣ የዪዲሽ ደራሲው የሾለም ዓሌይኸም ጽሑፎች፣ የጽዮናዊነት ንቅናቄ መሪ የነበረው የቴዎዶር ኸርዝል የእጅ ማስታወሻ ደብተር ከጥፋት አምልጠዋል። የተደበቁት በጌቶው ጉድጓዶች፣ በራሱ በዪቮ ሕንፃ ጣራ ሥር፣ በታመኑ ሰዎችም ቤት ነው። የቪልና ዩኒቨርሲቲ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የነበረችው ሊቱዌኒያዊቷ ኦና ሺማይቴ ራሷን ለአደጋ አጋልጣ ከረዱት አንዷ ናት።

በብርጌዱ ውስጥ አንድ ከባድ ክርክር ነበር፤ ለእኔ ከታሪኩ ሁሉ ልብ የሚነካው ይህ ነው። ካልማኖቪች «የቻልነውን ያህል ወደ ጀርመን እንላክ» ይል ነበር። ጀርመን መሸነፏ አይቀርም፤ ከጦርነቱ በኋላ ወዳጆቻችን እዚያ ያገኙታል፤ እዚህ የደበቅነው ግን ከተማው ሲጋይ አብሮ ይጋያል ብሎ ያምን ነበር። ገጣሚዎቹ ደግሞ ለጠላት በገዛ እጅ ማስረከብን አልተቀበሉም፤ እዚሁ ይቀበር አሉ። ማን ትክክል እንደ ሆነ ያኔ የሚያውቅ አልነበረም።

ጌቶው በመስከረም 1943 ተደመሰሰ። ክሩክና ካልማኖቪች ኢስቶኒያ ወደሚገኙ የግዳጅ ሥራ ካምፖች ተወስደው በዚያ ሞቱ። ሱትስከቨርና ካቸርጊንስኪ አምልጠው ጫካ ገብተው ከሽምቅ ተዋጊዎች ጋር ተቀላቀሉ። ከብርጌዱ አብዛኛው አልተረፈም።

ከጦርነቱ በኋላስ?

የሆነው የሁለቱንም ወገን ሐሳብ የሚያጸድቅ ነው። ወደ ጀርመን የተላከውን የአሜሪካ ጦር አገኘው። ዪቮ በዚያን ጊዜ ዋና መሥሪያ ቤቱን ወደ ኒው ዮርክ አዛውሮ ነበር፤ ጦርነቱ ሲጀመር ቫይንራይኽ ለሳይንስ ጉባኤ ከአገር ወጥቶ ስለ ነበር በ1940 ኒው ዮርክ ደርሶ ሥራውን ቀጠለ። በ1947 ጀርመን ውስጥ ከተሰበሰበው 420 ሣጥን ተጭኖ ተላከለት። በዚህ በኩል ካልማኖቪች ትክክል ነበር።

በቪልና ደግሞ ሶቪየቶች በሐምሌ 1944 ከተማዋን ሲያስለቅቁ ሁለቱ ገጣሚያን ተመልሰው መቆፈር ጀመሩ። የዪቮ ሕንፃ ፈርሶ በጣራው ሥር የተደበቀው ጠፍቷል፤ ከጉድጓዶቹ አንዳንዶቹ ግን ያስቀመጡትን መለሱ። የተገኘውን ይዘው የአይሁድ ሙዚየም አቋቋሙ። ብዙም ሳይቆይ የሶቪየት ባለሥልጣናትም ለዚህ ቅርስ እንደማያስቡለት ተረዱ፤ የጽዳት ክፍል በቶን የሚቆጠር ሰነድ እንደገና ወደ ወረቀት ፋብሪካ ሲልክ አዩ። ስለዚህ ያንኑ ወረቀት ለሁለተኛ ጊዜ፣ አሁን ደግሞ ከሶቪየት እጅ፣ በድብቅ እያወጡ ወደ ኒው ዮርክ ላኩ። ሱትስከቨር በ1946 የናዚ መሪዎች በተዳኙበት በኑረምበርግ ችሎት ቀርቦ መስክሯል።

ሙዚየሙ በ1949 ተዘጋ። የቀረውን ያዳነው አይሁዳዊ ያልሆነ ሰው ነው። የሊቱዌኒያ የመጻሕፍት መዝገብ ቤት ኃላፊ የነበረው አንታናስ ኡልፒስ እንዲወድም የተፈረደበትን ሰነድ ወስዶ መጋዘን በሆነው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ በሌላ ወረቀት ክምር መካከል ደበቀው። ለዓመታት አልተናገረም። በ1981 ሲያርፍ ሰነዶቹ ገና እዚያው ነበሩ፤ ለዓለም የታወቁት በ1980ዎቹ መጨረሻ የሶቪየት አገዛዝ ሲላላ ነው። በ2017 ደግሞ ተጨማሪ 170,000 ገጽ ያህል መገኘቱ ተገለጸ።

ስብስቡ ዛሬ የማን ነው?

ይህ ጥያቄ ለረጅም ጊዜ አከራክሯል። ዪቮ ሰነዱ የእኔ ነው፣ በጦርነት የተዘረፈብኝ ንብረት ነው ይላል። ሊቱዌኒያ በበኩሏ በምድሬ የተገኘ፣ የእኔም ታሪክ አካል የሆነ ቅርስ ነው ትላለች። የባለቤትነቱ ክርክር ሳይቋጭ ሰነዱ እንዳያረጅ ሁለቱ ወገኖች በሥራ ላይ ተስማሙ፦ ዋናው ወረቀት ባለበት ይቆይ፣ ሁሉም በምስል ይነሣና በኢንተርኔት አንድ ላይ ይታይ። ሥራው ሰባት ዓመት ወስዶ በ2022 መጀመሪያ ተጠናቀቀ፤ በቪልኒየስና በኒው ዮርክ ተከፍሎ የቀረው ከአራት ሚሊዮን በላይ ገጽ ያለው ስብስብ አሁን ማንም በነፃ ሊያየው ይችላል። ከእነዚያ የወጣቶች የሕይወት ታሪኮች ከ300 በላይ የሚሆኑት ተርፈዋል።

የቀረው ችግር አንባቢ ነው። አብዛኛው ሰነድ በእጅ የተጻፈ ዪዲሽ ነው፤ ቋንቋውን ከእናታቸው የተማሩት ደግሞ በአብዛኛው ተገድለዋል ወይም አልፈዋል። በጥብቅ ሃይማኖተኛ ማኅበረሰቦች ዘንድ ዛሬም ይነገራል፤ ነገር ግን እነዚህን ዓለማዊ ጽሑፎች ለጥናት የሚያነብ ሌላ ሰው ያስፈልጋል። ለዚህ ነው ዪቮ በኒው ዮርክ ከ1968 ጀምሮ በየክረምቱ የዪዲሽ ትምህርት የሚሰጠው። ትምህርቱ የተሰየመው በማክስ ቫይንራይኽ ልጅ፣ ከአባቱ ጋር ከጦርነቱ ተርፎ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ ሊቅ በሆነው በኡሪኤል ቫይንራይኽ ስም ነው። ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ አይሁዳውያን አይደሉም፤ የሚመጡትም ከፖላንድ፣ ከጀርመን፣ ከጃፓን ጭምር ነው።